የዛገ የፍሬን ዲስክ እንዴት ይወልቃል?

በአሮጌ መኪና ላይ ለዓመታት ያልተነካ የፍሬን ዲስክ ከሞዞው (ጎማው ከሚታሰርበት እምብርት) ጋር ተጣብቆ እንቢ ሲል፣ የብዙዎቻችን እጅ የሚሮጠው ወደ መዶሻው ነው። ቆይ፣ እስቲ መጀመሪያ እንጠይቅ፤ የያዘው ምንድን ነው?

ብረት ሲዝግ፣ ዝገቱ ከተበላው ብረት ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ቦታ ይይዛል። በዲስኩና በሞዞው መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ እጅግ ጠባብ ነው። ስለዚህ ዝገቱ መሄጃ አጥቶ እንደ ሽብልቅ ሁለቱን ጠርቆ ይይዛቸዋል። ይህን ካወቅን ሥራውን በቅደም ተከተል እንሥራ።

1ኛ. መሬት ላይ ለሚቀሩት ጎማዎች ታኮ እናድርግ። ክሪክን ብቻ አንመን፤ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ከሥር ይግባ።

2ኛ. ጎማውንና ካሊፐሩን እናውጣ። ካሊፐሩ በዘይት ቱቦው ከተንጠለጠለ ቱቦው ይጎዳልና በሽቦ እንሰረው። የኋላ ዲስክ ከሆነ የእጅ ፍሬኑን እንልቀቅ። የአሮጌ ፍሬን ሸራ አቧራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በአፍም በአየርም አይነፋ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

3ኛ. ዲስኩን የያዘ ትንሽ ብሎን ካለ፣ በልኩ ካቻቢቴ እንፍታው። ቀጥሎ ዝገት ፈቺ ዘይት በሞዞው ዙሪያ እናንጠብጥብ፤ እስኪሰርግም እንታገሥ።

4ኛ. በቶዮታና በሌሎች የጃፓን መኪኖች ዲስክ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች ይገኛሉ። ለጌጥ አይደሉም! ልካቸው የሆኑ ሁለት ብሎኖች አስገብተን እያፈራረቅን ሩብ ሩብ ዙር ብናጠብቅ፣ ዲስኩ እኩል እየተገፋ ይወጣል።

5ኛ. ቀዳዳ ከሌለ እንጨት አስደግፈን፣ ዲስኩን እያዞርን መሐሉን ዙሪያውን እንምታ። ኃይለኛ ምት ኩሽኔታውን ይጎዳል። ዲስኩ ተመልሶ የሚገጠም ከሆነ ሸራው የሚነካውን ፊት ፈጽሞ አንምታ።

ሙቀትስ? 65 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የዲስክ ቀዳዳ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሞቅ በ0.07 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ለዓይን ኢምንት ነው፤ የዝገቱን መያዣ ግን ሊያላላ ይችላል። ሆኖም ዘይቱ ተጠርጎ ሳያልቅ እሳት አይቅረብ፤ አሠልጣኝ በሌለበትም አይሞከር።

ዲስኩ ሲወጣ ሥራው አላበቃም። በሞዞው ፊት ላይ የቀረ ዝገት አዲሱን ዲስክ አጣሞ ያስቀምጠዋል፤ ፍሬን ሲያዝም ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ በሽቦ ብሩሽ አጥርተን እንግጠም፤ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊትም ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግመን እንርገጥ።

ነገ እኛም በተራችን ስናስተምር፣ ተማሪው መዶሻ ከማንሳቱ በፊት ዲስኩን ምን እንደያዘው በአፉ ይንገረን።