ተጫዋቾች የፈቱት የቫይረስ እንቆቅልሽ

«ጌም ጊዜ ገዳይ ነው» ሲባል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚገድል ጌም ሞልቷል። ዛሬ የምናጠናው ግን ተራውን ተጫዋች ከዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ጋር ስላገናኘ ጌም ነው።

ጌሙ ፎልዲት ይባላል። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስና የባዮኬሚስትሪ ባለሙያዎች ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2008 በነፃ ለሕዝብ አቀረቡት።

ምን ያጫውታል?

ፕሮቲን አሚኖ አሲድ የሚባሉ ቅንጣቶች እንደ ዶቃ የተሰኩበት ክር ነው እንበል። ክሩ ተዘርግቶ አይቀመጥም፤ ይጠማዘዛል፣ ይተጣጠፋል። የሚሠራውን ሥራ የሚወስነው በመጨረሻ የሚይዘው ቅርፅ ነው። ችግሩ፣ ሊታጠፍ የሚችልባቸው መንገዶች ስፍር ቁጥር የላቸውም። ተጫዋቹ ፕሮቲኑን በኮምፒውተር ላይ እየጎተተና እያጠፈ የተሻለ ቅርፅ ይፈልጋል። ቅርፁ በተረጋጋ ቁጥር ነጥቡ ይጨምራል። ባዮኬሚስትሪ ያልተማረ ሰውም ከቀላል መለማመጃዎች ተነስቶ ደረጃ በደረጃ ይማራል።

ከኤች አይ ቪ ጋር ምን አገናኘው?

ኤች አይ ቪ ፕሮቲዬዝ የሚባል ኢንዛይም አለው። ይህ ኢንዛይም እንደ መቀስ ነው። የቫይረሱን ረጃጅም ፕሮቲኖች ቆራርጦ አዲሱ ቫይረስ ሌላ ሴል ለማጥቃት እንዲበቃ ያደርገዋል። እነ ሎፒናቪርና አታዛናቪር የመሳሰሉት መድኃኒቶች የሚሠሩት ይህን መቀስ በማገድ ነው። መቀሱን ለማገድ ደግሞ ቅርፁን ማወቅ ትልቅ እገዛ ያደርጋል።

በጦጣዎች ላይ ኤድስ መሰል በሽታ የሚያስከትል አንድ ቫይረስም የራሱ ፕሮቲዬዝ አለው። ተመራማሪዎች ቅርፁን ለማወቅ ከአሥር ዓመት በላይ ደክመው አልተሳካላቸውም። እንቆቅልሹ ለፎልዲት ተጫዋቾች ሲሰጥ፣ በቡድን ሆነው አንዱ የጀመረውን ሌላው እያሻሻለ በሦስት ሳምንት ውስጥ የሚያስተማምን ሞዴል አቀረቡ። ሳይንቲስቶቹም ከኤክስሬይ መረጃቸው ጋር አገናዝበው ቅርፁን አረጋገጡ። ጥናቱ በ2011 ሲታተም የተጫዋቾቹ ቡድኖች ስም ከተመራማሪዎቹ ጎን በጸሐፊነት ሰፈረ።

ልብ እንበል!

የተገኘው መድኃኒት አይደለም፤ ቫይረሱም ራሱ ኤች አይ ቪ አይደለም። ስለዚህ «በጌም ኤድስ ዳነ» የሚል ወሬ ብትሰሙ አትታለሉ። የተገኘው የቁልፍ ጉድጓዱ ቅርፅ እንጂ ቁልፉ አይደለም። መድኃኒት ቫይረሱን ይቆጣጠራል እንጂ ከሰውነት ጨርሶ አያጠፋም። መመርመር፣ በኮንዶም መጠቀም፣ መድኃኒት የጀመረም ሳያቋርጥ መውሰድ የዛሬም መልሶቻችን ናቸው።

ዛሬ አልፋፎልድን የመሰሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች የፕሮቲን ቅርፅ በፍጥነት ይተነብያሉ። ታዲያ የተጫዋቾቹ ድርሻ አበቃ? የለም። በ2019 በወጣ ጥናት፣ ተጫዋቾቹ ራሳቸው የነደፏቸው አዳዲስ ፕሮቲኖች ቤተ ሙከራ ውስጥ ተሠርተው በታሰበው ቅርፅ መታጠፋቸው ታይቷል።

ትምህርቱ ይህ ነው፦ ዲግሪ የሌለው ሰው ጥያቄው በሚገባው መንገድ ከቀረበለትና ከጓደኞቹ ጋር ከተጋገዘ ለሳይንስ አንድ ጠጠር መወርወር ይችላል።

በክበባችሁ ተወያዩ

1. ፕሮቲዬዝ ቢታገድ ቫይረሱ ምን ይሆናል?
2. ቅርፁን ማወቅና መድኃኒት ማግኘት ልዩነታቸው ምንድን ነው?
3. በባዮሎጂ ትምህርታችሁ የከበዳችሁን አንድ ርዕስ ወደ ጨዋታ ብትለውጡት ነጥብ የሚያሰጠው ምን ይሆናል?

ቸር እንሰንብት!