«ግርማዊ» ባሕር ሲሻገር፦ ስለ ማዕረግ ቃላት ትርጉም

ጅቡቲ ከተማ የሚያድግ ልጅ ከቤቱ ወጥቶ ትምህርት ቤት እስኪደርስ ድረስ አማርኛ፣ ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ ይሰማል። ክፍል ሲገባ የሚከፍተው መጽሐፍ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ትርጉም ለተማሪዎቻችን የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ለእናት ፋርማሲ ቤት፣ ለአባት በየቢሮው የሚተረጉሙት እነሱ ናቸው። ዘንድሮ ለዚህ መጽሔት የመረጥነው ግን ከዕለት ጉዳይ ከፍ ያለ ነው። ለሰው የሚሰጠው የመጨረሻው የክብር ስም ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛና ወደ ጣልያንኛ ሲገባ ምን ይሆናል? ጣልያንኛ ከየት መጣ ለሚል ወላጅ፣ ውጫሌ ላይ ስንደርስ ምክንያቱ ይገለጣል።

በእንግሊዝኛው የታሪክ መጽሐፍ «ሂዝ ኢምፔሪያል ማጀስቲ» የሚለው፣ እኛ «ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት» የምንለው ነው። ፈረንሳዩ «ሳ ማዤስቴ ኤምፔሪያል»፣ ጣልያኑ «ሱዋ ማየስታ ኢምፔሪያሌ» ይላል። እዚህ ላይ ንቁ ተማሪ እጁን ማውጣቱ አይቀርም። እንግሊዝኛው «ሂዝ» ብሎ በወንድ ሲናገር፣ «ሳ» እና «ሱዋ» በአንስታይ ጾታ ለምን ሆኑ? በሁለቱ ቋንቋዎች አገናዛቢው የሚከተለው ባለቤቱን ሳይሆን የሚገናዘበውን ስም ነው፤ «ግርማ» ደግሞ በሁለቱም ሴት ናት። ከዚያ በኋላ ያለው ዐረፍተ ነገር ንጉሡን «እርሷ» ብሎ ቢቀጥል ስድብ አይደለም፣ ሰዋስው ነው። አማርኛችን «እርሳቸው» ብሎ ነገሩን ያሳርፈዋል።

የቃሉ ሥርም ይለያያል። «ማጀስቲ» የመጣው «የሚበልጥ» ከሚል የላቲን ቃል ነው። «ግርማ» ግን የሚያየውን ሰው የሚያስፈራና ዝም የሚያሰኝ ነገር ነው። አንዱ የባለማዕረጉን ቁመት ይለካል፣ ሌላው በተመልካቹ ልብ ውስጥ የሚሆነውን ይናገራል። የእኛው ይሻላል ብንል አድልዎ ይሆንብናል፤ ግን ይሻላል።

አሁን ወደ «ንጉሠ ነገሥት» እንለፍ። ፈረንሳይኛው «ርዋ ዴ ርዋ»፣ ጣልያንኛው «ሬ ዴይ ሬ» ቃል በቃል ልክ ናቸው፤ «አምፕረር» እና «ኢምፔራቶሬ»ም ያስኬዳሉ። ይሁንና የሁለቱ አገሮች ጋዜጦች ለረጅም ዘመን የወደዱት «ኔጉስ» የሚለውን ነበር። የእኛውን ቃል መያዛቸው አክብሮት ይመስላል፤ ነገር ግን ግማሹን ጥለውታል። በእኛ ሥርዓት ንጉሥና ንጉሠ ነገሥት አንድ አይደሉም። ተክለ ሃይማኖት የጎጃም ንጉሥ፣ ሚካኤል የወሎ ንጉሥ ነበሩ፤ በላያቸው ንጉሠ ነገሥቱ አለ። ራስ ተፈሪም መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተብለው፣ የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከ1923 በኋላ «ኔጉስ» ብሎ የጻፈ ጋዜጠኛ፣ አውቆም ሆነ ሳያውቅ፣ ማዕረጋቸውን አንድ ደረጃ አወረደ። ፈረንሳይ ውስጥ ኔቨር በምትባል ከተማ ደግሞ «ኔጉስ» የሚባል ከረሜላ እስከ ዛሬ ይሸጣል። «ራስ» የገጠመው ከዚህ የከፋ ነው፤ በጣልያንኛ በየአውራጃው እንዳሻው የሚያዝ የፋሺስት አለቃ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

«ሥዩመ እግዚአብሔር» የሚለውን እንግሊዝኛው «ኢሌክት ኦፍ ጎድ»፣ ፈረንሳይኛው «ኤሉ ደ ዲዩ»፣ ጣልያንኛው «ኤሌቶ ዲ ዲዮ» ብለውታል። ሦስቱም «የተመረጠ» ማለታቸው ነው። ለተመረጠ ግን ግእዝ «ኅሩይ» የሚል ቃል አለው። ሥዩም የተሾመ ነው፤ ሹመኛ ደግሞ ለሾመው መልስ ይሰጣል። ዛሬ በፈረንሳይኛ «ኤሉ» ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው በድምፅ የተመረጠ የምክር ቤት አባል መሆኑንም ልጆቻችን ልብ ይበሉ።

«ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ ድል ነሣ» ይላል። ቃሉ ከዮሐንስ ራእይ የመጣ ነው፣ የሚናገረውም ስለ ክርስቶስ ነው። አውሮፓውያን ግን ግሡን ቅጽል አድርገው «ድል አድራጊው አንበሳ» በማለት የንጉሡ የራሱ ስም አደረጉት።

ይህ ሁሉ የቃል ጉዳይ ነው ለሚል ሰው የውጫሌ ውል አለ። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ሲፈረም ጣልያንኛው ቅጂ ምኒልክን «ሬ ዴይ ሬ» ብሎ ጠርቷል። ኡምቤርቶ ራሱ «ሬ» ብቻ ነበር። በማዕረግ ስም ብቻ ቢለካ የእኛው በልጦ ተጽፏል ማለት ነው። ክብሩ የሾለከው ከስሙ ሳይሆን በአንቀጽ 17 ከገባው ግስ ነው። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣልያንኛው «ኮንሴንቴ» አለ፤ በዚያ መንገድ ለመሄድ ተስማምተዋል እንደ ማለት ነው። ሮማ ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት አለች።

ነገሩ የታወቀበት መንገድ ተማሪዎቻችን እንዲያስታውሱት የምንፈልገው ነው። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ዘውድ መጫናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በደብዳቤ አስታወቁ። ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ ጉዳዩ በኢጣልያ በኩል መምጣት እንዳለበት የሚያመለክት ሆነ። ንጉሠ ነገሥት ሆኛለሁ ብሎ ያስታወቀ ሰው፣ በራሱ ስም ደብዳቤ መጻፍ እንደማይችል የተነገረው በዚያው ደብዳቤ መልስ ነው። የቀረውን ዓድዋ ፈታው። ጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል ውጫሌን ሲሰርዝ፣ የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነበር። ጣልያንኛ ቅጂ አልተፈለገም።

ከተማችንም የዚህ ታሪክ ድርሻ አላት። ከዚህ ተነሥቶ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰውን ሐዲድ የሠራው ኩባንያ በፈረንሳይኛ ስሙ ላይ «ኤምፔሪያል» የሚል ቃል ተሸክሞ ነበር። ስሙ የንጉሠ ነገሥቱ ነው፤ ካፒታሉ ግን የአውሮፓ። ኩባንያው ከስሮ በሌላ ሲተካ፣ አዲሱ ስም «ፍራንኮ ኢትዮፒያን» ሆነ፣ «ኤምፔሪያል»ም ወረደ። በእኛ አስተያየት የኋለኛው ስም ማዕረጉ ቢያንስም የበለጠ እውነተኛ ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት የቋንቋ ክፍላችን ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚሰጠው ልምምድ ሁለት ደረጃ ይኖረዋል። በመጀመሪያ የማዕረጉን ስም ይተረጉማሉ፤ ቀጥሎ በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ባለማዕረጉ የሚያዝበትን ወይም የሚታዘዝበትን ግስ ያሰምሩበታል። ውድ ወላጆች፣ ከባቡሩ ዘመን የቀረ በአማርኛና በፈረንሳይኛ ጎን ለጎን የተጻፈ ቲኬት፣ የሥራ መታወቂያ ወይም ደብዳቤ ቤታችሁ ካለ፣ ፎቶ ኮፒውን ለክፍል ኃላፊ መምህራን ብትልኩልን ለልምምዱ እንጠቀምበታለን።