ኮምፒዩተርን ከሩቅ ማስነሳት፦ የሚላከው ትእዛዝ እንጂ ኃይል አይደለም

የትምህርት መርጃ መሣሪያን በገዛ እጅ መሥራት ከመምህር ሙያ አንዱ ነው። ነገ በአሊዩ አምባ፣ በሸዋ ሮቢትና በሌላውም የይፋት ቆላ ለማስተማር ለምንዘጋጅ ሁሉ የሚጠቅም አንድ ሥራ ይዘን ቀርበናል። ይኸውም ኮምፒዩተርን ከሌላ ክፍል ሆኖ ማስነሳት ነው።

ለምን ያስፈልጋል? ቢሉ፣ ቆላው አቧራ ይበዛበታል። መጻሕፍት ተከማችተውበት ሌሎቹን የሚያገለግለው ኮምፒዩተር በቤትም ሆነ በትምህርት ቤት ራቅ ባለ፣ በተቆለፈ ክፍል ቢቀመጥ ይመረጣል። ታዲያ ለማስነሳት ብቻ በየጠዋቱ ክፍሉን መክፈት ያሰለቻል።

ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ 220 ቮልቱን በረጅም ሽቦ ወስዶ ማብሪያ ማጥፊያ መግጠም ነው። ይኼ አይሆንም! አንደኛ፣ 220 ቮልት ሰው ይገድላል። ሁለተኛ፣ ኃይል ድንገት ሲቋረጥ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ይጠፋል፤ በዲስኩ ያለውም ሊበላሽ ይችላል። ሦስተኛ፣ ብዙ ኮምፒዩተር ኃይል ስላገኘ ብቻ አይነሳም፤ ቁልፉ መነካት አለበት።

እንግዲህ መፍትሔው ሪሌ ነው። አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪ በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሠራው ሥራ በሩቅ ሽቦ የመጣ ደካማ ኤሌክትሪክ ሌላ ሰርኪት እንዲዘጋ ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። በዚያው ዘመን አሊዩ አምባ ከታጁራ የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ ገበያ ነበረች፤ መልእክት የሚደርሰውም በእግረኛና በእንስሳት ነበር። ሪሌም መልእክተኛ ማለት ነው፦ ትእዛዙን ተቀብሎ ሥራውን በቦታው ይሠራል።

የሚያስፈልጉን፦ ባለ 5 ቮልት ሪሌ፣ አንድ ዳዮድ፣ 4 የባትሪ ድንጋይ፣ የበር ደወል መጥሪያ፣ ባለ ሁለት መስመር የደወል ሽቦና ናስትሮ።

አሠራሩ፦
ሀ) ኮምፒዩተሩን አጥፍተን ከሶኬቱ እንነቅላለን። ይኼ ሳይደረግ ካቻቢቴ አይነሳም።
ለ) ድንጋዮቹን፣ መጥሪያውንና የሪሌውን ጥቅል በተከታታይ እናያይዛለን። ድንጋዮቹና መጥሪያው እኛ ዘንድ፣ ሪሌው ኮምፒዩተሩ ዘንድ ይሆናል።
ሐ) ዳዮዱን ከጥቅሉ ጎን ለጎን እናስራለን፤ ባለ መስመሩ ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ ይዞራል። ጥቅሉ ሲቋረጥ የሚፈጠረውን ቮልቴጅ ዳዮዱ ያበርደዋል።
መ) ከኮምፒዩተሩ ማስነሻ ቁልፍ ወደ ማዘርቦርድ የሚሄዱ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። የሪሌውን የጋራ እግርና በተለምዶ ክፍት የሆነውን እግር ከነዚህ ጋር እናገናኛለን። የቀድሞው ቁልፍ ሳይነቀል ይሠራል።
ሠ) መጋጠሚያውን ሁሉ በናስትሮ እንሸፍናለን።

መጥሪያውን ለአንድ አፍታ ስንጫን ኮምፒዩተሩ ይነሳል። አራት ሰኮንድ ያህል ይዘን ብንቆይ ግን በግድ ስለሚጠፋ እጃችንን ቶሎ እናንሳ።

ሽቦው ቢረዝምስ? በኦም ሕግ እናስላ። ኮምፒዩተሩ 30 ሜትር ቢርቅ ሄዶ መመለሻው 60 ሜትር ነው። ውፍረቱ 0.5 ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ በሜትር 0.09 ኦም ያህል አለው፤ በጠቅላላው 5.4 ኦም። የጥቅሉን 70 ኦም ስንጨምር 75.4 ይሆናል። 6 ቮልት ለ75.4 ሲካፈል 0.08 አምፔር ገደማ ነው። ጥቅሉ ላይ የሚደርሰው 5.6 ቮልት ያህል ስለሆነ ሪሌው ያለ ችግር ይስባል። እነሆ፣ ለፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የሚሆን ሕያው ምሳሌ!

ማስጠንቀቂያ፦ የኮምፒዩተሩ የኃይል ሳጥን በፍጹም አይከፈትም፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ በካፓሲተሮቹ ውስጥ አደገኛ ቮልቴጅ ሊቆይ ይችላል። ላፕቶፕ ላይም አይሞከር።

የመልመጃ ጥያቄዎች፦
1. ርቀቱ 100 ሜትር ቢሆን ጥቅሉ ላይ ስንት ቮልት ይደርሳል?
2. ሪሌው 3.75 ቮልት ካገኘ የሚስብ ከሆነ፣ በዚህ ርቀት ይሠራል?
3. ድንጋዮቹ ደክመው 4.5 ቮልት ቢሰጡስ?

ተማሪ በመምህሩ እጅ የሚያየውን ይከተላል። ስለዚህ ከሙከራው በፊት ሶኬቱን መንቀልን አስቀድመን እናስተምር።