በቬኒስ ውሃ ሥር ስለ ተገኘው የሮማውያን ጐዳና

በኢጣልያ አገር በሰሜን ምሥራቅ በኩል፥ በአድርያቲክ ባሕር ዳር፥ ቬኒስ የምትባል የታወቀች ከተማ አለች። ከተማይቱ የቆመችው ላጉና በሚባል ውሃ መካከል ባሉ ትንንሽ ደሴቶች ላይ ነው። ላጉና ማለት ከዋናው ባሕር በቀጭን የአሸዋ ምድር ተከልሎ የሚገኝ፥ ጥልቀቱ ጥቂት የሆነ የጨው ውሃ ነው። የቬኒሱ ላጉና ስፋቱ 550 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ በሦስት በሮች ከባሕሩ ጋራ ይገናኛል። ባሕሩ በየቀኑ ሲሞላና ሲጐድል ውሃው በእነዚህ በሮች ይገባል፥ ይወጣል፤ በዚህም ጊዜ ሥሩን እየቦረቦረ ወንዝ የሚመስሉ ጥልቅ መተላለፊያዎችን ያበጃል።

ስለ ከተማይቱ አመሠራረት ሲነገር የኖረው ታሪክ እንዲህ ነው። የሮማ መንግሥት በደከመ ጊዜ ሁኖች፥ ኋላም ሎምባርዶች ኢጣልያን ስለ ወረሩ፥ በየብስ ከተሞች የነበረው ሕዝብ ነፍሱን ለማዳን ወደ ውሃው ሸሸ፤ ሰው ባልረገጠው ረግረግ ላይም ከተማ ሠራ ይባላል። አፈ ታሪኩ ዘመኑን 421 ዓ.ም. ያደርገዋል፤ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሁኖች የመጡት ግን በ452 ስለ ሆነ ቍጥሩ እምነት የሚጣልበት አይደለም። ቬኒሳውያን ታሪኩን መውደዳቸው አያስደንቅም፤ ከተማችን ለማንም ሳትገዛ ነጻ ሆና ተወለደች ለማለት ይመቻቸው ነበርና።

ከ1980 በኋላ ባሉት ዓመታት ኤርኔስቶ ካናል የተባለ የጥንት ነገር መርማሪ ከዚህ የሚቃረን ነገር አመለከተ። በላጉናው ሰሜን፥ ትሬፖርቲ በሚባለው መተላለፊያ ከውሃው በታች፥ በሮማውያን ዘመን የተሠራ መንገድ አለ አለ። ጠላቂ ዋናተኞችም ሮማውያን ጐዳናቸውን ያነጥፉበት የነበረውን የመሰለ ድንጋይ በዚያ አገኙ። ነገር ግን የላጉናው ውሃ ድፍርስ ነው፤ ጠላቂ የሚያየው በእጁ አጠገብ ያለውን ብቻ ስለ ሆነ፥ የመንገዱን መልክ በሙሉ የሚያሳይ ሰው አልተገኘም። ክርክሩም ከ30 ዓመት በላይ ቈየ።

ዓይን ያልቻለውን ድምፅ ቻለው። ሰው በገደል ፊት ቆሞ ሲጮህ የገደል ማሚቶ እንደሚመልስለት ሁሉ፥ ሶናር የሚባለው መሣሪያ ከጀልባ ሥር ድምፅ ይልካል፤ ድምፁም ወለሉን መትቶ ይመለሳል። ድምፅ በውሃ ውስጥ በአንድ ሰኮንድ 1500 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፥ ደርሶ ለመመለስ የፈጀው ጊዜ ጥልቀቱን ያስታውቃል። መምህሩ ይህን ለተማሪዎች እንደ ሒሳብ ጥያቄ ሊሰጠው ይችላል፤ ድምፁ በሰኮንድ አንድ መቶኛ ቢመለስ የሄደበትና የመጣበት መንገድ በጠቅላላው 15 ሜትር ነው፥ ጥልቀቱም 7 ሜትር ተኩል ይሆናል። አዲሱ ሶናር በአንድ ጊዜ ብዙ የድምፅ ጨረር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስለሚዘረጋ፥ ጀልባው እየተመላለሰ ሲለካ የወለሉ ካርታ ይወጣል።

ፋንቲና ማድሪካርዶ የሚባሉ የኢጣልያ ሴት ሊቅና ጓደኞቻቸው በዚህ ዘዴ ያገኙትን በ2021 አሳተሙ። በትሬፖርቲ መተላለፊያ ወለል ላይ 12 ቅሪቶች በ1140 ሜትር ርዝመት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተሰልፈው ታዩ፤ ከሁሉ ከፍ ያለው 2.7 ሜትር፥ ከሁሉ የረዘመው 52.7 ሜትር ነው። ከእነዚህም ሌላ አራት ትልልቅ ቅሪቶች ተገኙ፤ ከእነርሱ አንዱ 134.8 ሜትር ይረዝማል፥ የወደብ ግንብ ሳይሆን አይቀርም ተብሎም ይገመታል። አንድ ድንጋይ ብቻውን ጐዳና መኖሩን አያስረዳም፤ መርከብ ሊጥለው ይችላልና። 12 ቅሪቶች አንድ አቅጣጫ ይዘው ሲሰለፉ፥ ያውም በቀድሞ የባሕር ዳር አሸዋ ጀርባ ላይ ሲሆን፥ ግምቱ የጸና ነው። በዚያ ዘመን ባሕሩ ከዛሬው ዝቅ ያለ ስለ ነበረ፥ ስፍራው እግረኛና ጋሪ የሚያልፍበት ደረቅ ምድር ነበር። ጐዳናውም በላጉናው ዳር ወደ ነበረችው ወደ አልቲኖ ከተማ ያደርስ እንደ ነበር ይታሰባል። አልቲኖ ዛሬ የእርሻ ቦታ ናት።

ይህ ሁሉ የሰጠመው በሁለት ምክንያት ነው። ወንዞች ያመጡት ደለል በራሱ ክብደት እየተጫነ ምድሩ ዝቅ ይላል፤ ባሕሩም በበኩሉ ከፍ ይላል። ሁለቱም ነገሮች እስከ ዛሬ አልቆሙም። ስለዚህ በሦስቱ የላጉናው በሮች ላይ 78 የብረት መዝጊያዎች ተሠርተው፥ ጥቅምት 3 ቀን 2020 ለመጀመሪያ ጊዜ የባሕሩን ሙላት ከከተማይቱ ከለከሉ።