ንድፍ ብቻውን አያተርፍም፤ የሥራው ቅደም ተከተልም ይታቀድ

በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ አዲስ አበባን ከበው የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በአካባቢው ፋብሪካና መጋዘን በመብዛቱ መደርደሪያ፣ በርና የማሽን መሸፈኛ የሚያሠራ ደንበኛ አይጠፋም። ይሁን እንጂ ትዕዛዙን ተቀብሎ ለብረታ ብረት ሥራ ቤት የሚሰጠው ነጋዴ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ንድፉንና ፕሮፎርማውን ብቻ ነው።

ንድፍ የዕቃውን መልክና መጠን ይናገራል። ትርፍና ኪሳራ የሚወሰነው ግን በየትኛው ሥራ ተጀምሮ በየትኛው እንደሚጨረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው አውቶካድ በዋናነት የወረቀትና የማስመሪያን ቦታ ተክቶ ነበር። በኋላ የመጡት እንደ ሶሊድወርክስ ያሉ ሶፍትዌሮች፣ እንዲሁም ያለክፍያ የሚገኘው ፍሪካድ፣ ዕቃውን በሙሉ ቅርጹ ከማሳየት አልፈው የታጠፈ ላሜራ ተዘርግቶ ምን ያህል እንደሚሆን ያሰላሉ፤ ለኮምፒዩተር መር ማሽንም የሥራ ትዕዛዝ ያዘጋጃሉ።

ለምሳሌ ተዘርግቶ ሲለካ 60 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ 120 የመደርደሪያ ወለል ታዘዘ እንበል። ላሜራው 1 በ2 ሜትር፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ከተደረደሩ ከአንድ ላሜራ 6 ይወጣል፤ 20 ላሜራ ያስፈልጋል። 5ቱን በቁመት፣ 3ቱን በአግድም በማሰናዳት ግን 8 ይወጣል፤ 15 ላሜራ ይበቃል። አንዱ ላሜራ 23.5 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን የ5ቱ ልዩነት ወደ 118 ኪሎ ብረት ነው። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ በሚገባ ብረት ላይ የሚባክን ኪሎ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ስምንቱ በልክ የሚገጥሙት በመቀስ ማሽን ሲቆረጡ ነው። ፕላዝማ እየቆረጠ የሚያቀልጠው ስስ መስመር ስላለ ስሌቱ ይፈርሳል። ስለሆነም የመቁረጫው ዓይነት ላሜራ ከመገዛቱ በፊት መታወቅ አለበት።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ ይመጣል። ቀዳዳ የሚበሳው ላሜራው ጠፍጣፋ ሳለ ነው፤ ብዙውን በአንድነት አስሮ መብሳት ይቻላል። ከታጠፈ በኋላ ትራፓኖው ማዕዘኑ ላይ ላይደርስ ይችላል። ሆኖም ለማጠፊያው መስመር በጣም የቀረበ ቀዳዳ ሲታጠፍ ስለሚጣመም ቦታው አስቀድሞ ይታረማል፤ ካልሆነም ከማጠፍ በኋላ ይበሳል። ብየዳ ከቀለም ይቀድማል፤ ቀለም ላይ ከተበየደ ቀለሙ ይቃጠላል፣ ብየዳውም ይደክማል። ይህን ሁሉ በስክሪን ላይ ማረም ከሥራ ቤት ወለል ላይ ከማረም ይረክሳል።

ዕቅዱ ለባለሀብቱም ይጠቅማል። በምሳሌያችን ለአንዱ ወለል መቁረጥ 2፣ መብሳት 4፣ ማጠፍ 3፣ ብየዳ 10 ደቂቃ ቢወስድና በየሥራው አንድ ሠራተኛ ቢመደብ፣ ሥራ ቤቱ በሰዓት ከ6 በላይ አያወጣም፤ ማነቆው ብየዳው ነውና። ውድ የመቁረጫ ማሽን ቢገባ ምርቱ አይጨምርም፤ የተቆረጠ ላሜራ ብቻ ይከመራል። አንድ በያጅ ከነመሣሪያው ቢጨመር ግን በሰዓት 12 ይደርሳል። በባንክ ብድርም ሆነ በአዋጅ ቁጥር 103/1990 በተፈቀደው የካፒታል ዕቃ ኪራይ ማሽን ለማስገባት ያሰበ ሁሉ ይህን ስሌት ማስቀደም ይበጀዋል።

ሶፍትዌሩ ግን የልምድ ምትክ አይሆንም። የማጠፊያውን ጠባይ የሚያውቀው ባለሙያ ነው። 4 እና 6 ሳንቲ ሜትር ክንፍ ያለው ማዕዘን ከ1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሲሠራ 10 ሳንቲ ሜትር ሙሉ አይወስድም፤ 9.7 ገደማ ይበቃዋል። ትክክለኛው ልክ በሥራ ቤቱ ማሽን አንድ ናሙና ታጥፎ፣ ተለክቶ ወደ ሶፍትዌሩ ይገባል።

እንግዲህ ቀብድ ከመክፈል በፊት ሦስት ነገሮች በጽሑፍ ይጠየቁ፦ ከአንድ ላሜራ ስንት ይወጣል? ሥራዎቹ በምን ቅደም ተከተል ይሄዳሉ? ለእያንዳንዱስ ስንት ደቂቃ ተይዟል? መልሱ ከውሉ ጋር ከተያያዘ ቁርጥራጩ በማን ሒሳብ እንደሚያዝ፣ ዕቃው በስንት ቀን እንደሚደርስ ክርክር አያስነሳም። አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ የሚባለውም ይኸው ነው።