ከሚሴ ላይ ብረት ማንሳት ለጀመርከው ልጄ

ልጄ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተህ በዘንግ ማንሳት ከጀመርክ ወዲህ ደረትህ ሰፍቷል። ዘንድሮ ግን እንደ አምና አልጨመርኩም ብለህ መከፋትህን ሰማሁና ይህን ጻፍኩልህ።

1. የመጀመሪያው ዓመት ዕድገት አይደገምም። ሰውነት ለብረት አዲስ ሲሆን በወራት ውስጥ ይለወጣል፤ ከዚያ ጭማሪው በየዓመቱ እያነሰ ይሄዳል። ከብዙ ዓመት በኋላ የሚገኘው በሚዛን እንኳ ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ሰነፍኩ ብለህ ራስህን አትውቀስ።

2. የዕድገትህ ወሰን ያለው ሰውነትህ ውስጥ ነው። ሰውነታችን ጡንቻ ከልክ በላይ እንዳያድግ የሚገታ ማዮስታቲን የሚባል ፕሮቲን ያመርታል፤ ተመራማሪዎች የደረሱበት እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ቤልጂየም ውስጥ ይህ ፕሮቲን የማይሠራላቸው ከብቶች አሉ። የሰኞውን የባቲ ገበያ ከብት የለመደ ሰው ቢያያቸው በሥጋቸው ብዛት ይደነግጣል፤ ላሞቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወልዱት በቀዶ ሕክምና ነው። ልጓሙ ሲወልቅ ዋጋ ያስከፍላል። ለሰው ልጅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አንድ መለኪያ ሰጥቶናል፦ ስብ ሳይቆጠር የቀረውን ኪሎ በሜትር ለተለካ ቁመትህ ካሬ አካፍል። ስቴሮይድ ባልወሰዱት ስፖርተኞች ላይ ውጤቱ 25 አካባቢ ሲደርስ ይቆማል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ለሆነ ሰው ይህ ያለ ስብ 72 ኪሎ ገደማ ነው። የአጥንትህ ውፍረትና ከወላጆችህ የወረስከው ደግሞ ከዚያም በታች ሊያቆምህ ይችላል።

3. መርፌና ክኒን ይዞ የሚመጣውን እምቢ በለው። ስቴሮይድ ወሰኑን ያሻግራል፤ ነገር ግን ሰውነትህ የራሱን የወንድነት ሆርሞን ማምረት እንዲያቆም ያደርጋል፣ ልብን ይጎዳል፣ ልጅ መውለድንም ሊከለክል ይችላል። የአላህ አማና የሆነ አካል ለስልክ ፎቶ አይሸጥም።

4. የዱቄት ፕሮቲን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ አትላክ። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደትህ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መብላት ጡንቻ ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው። በቆላችን የሚበቅለው ማሾ በ100 ግራም ደረቅ ፍሬው 24 ግራም ገደማ አለው፤ ወተትና እንቁላል ጨምርበት። በረመዷን ካፈጠርክ በኋላ ቀለል አድርገህ ሥራ። ያለህን ለማቆየት የሚያስፈልገው ሥራ፣ ለማሳደግ ከሚያስፈልገው በእጅጉ ያንሳል።

5. ከሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው። ያልሠራ ሰው ከ30 ዓመት በኋላ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ጡንቻ ያጣል፤ ከ60 በኋላ ይብሳል። ስለዚህ ወሰንህ ላይ ስትደርስ ሥራህ መጠበቅ ይሆናል፤ ዕድሜ ልክ የሚሠራ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ቦስተን ውስጥ በአማካይ 90 ዓመት የሆናቸው አረጋውያን ለ8 ሳምንት ክብደት በእግራቸው አንስተው ጉልበታቸው ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። እንግዲህ አንተ በዚህ ዕድሜህ አታቋርጥ፤ አያትህንም በሳምንት ሁለት ቀን ከወንበር እየተነሱ እንዲቀመጡ አስጀምራቸው።