የጆሮ ሥር እብጠት ሁሉ ጆሮ ደግፍ ነውን?

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ በኦምዱርማን ብዙ ቤተሰብ ባንድ ግቢ ተጠጋግቶ ኖሯል። በእንዲህ ያለ ኑሮ የልጅ ጉንጭ ሲያብጥ «ጆሮ ደግፍ ነው፣ ይለቀዋል» እንላለን። ብዙ ጊዜ ልክ ነን፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ከምራቅ ዕጢዎቻችን ትልቁ ከጆሮ ፊትና ሥር ይገኛል። ሲያብጥ ጉትቻ የሚንጠለጠልበትን የጆሮ ክፍል ወደ ላይ ይገፋል፤ የመንጋጋንም ማዕዘን ይሸፍናል። ምክንያቶቹን እንመልከት።

ሀ. ጆሮ ደግፍ፦ በሳል፣ በማስነጠስና ኩባያ በመጋራት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ትኩሳትና ራስ ምታት ያመጣል፤ ባንድ ወይም በሁለቱም ጎን ያብጣል። አንቲባዮቲክ አይፈውሰውም። ለኩፍኝ ብቻ የተሰጠ ክትባትም አይከላከለውም። እብጠቱ ከታየ በኋላ ልጁን 5 ቀን ከትምህርት ቤት እናስቀር። ለአካለ መጠን በደረሱ ወንዶች የዘር ፍሬን ሊያሳብጥ ይችላል።

ለ. ባክቴሪያ፦ በኦምዱርማን በጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ውኃ ያልጠጣ ሰው ምራቁ ይደርቃል፤ ከአፍ የተነሣ ጀርም ወደ ዕጢው ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ባንድ ጎን ነው፤ ቆዳው ይቀላል፣ መግል ይወጣል። በተለይ አረጋውያንንና በሽተኞችን ያጠቃል። ይህኛው ሐኪም የሚያዘው አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል።

ሐ. ጠጠር፦ የምራቁን ቱቦ ይዘጋል። ምግብ ሲቀርብ ያብጣል፣ ያማል፤ ቆይቶ ይጎድላል።

መ. ሳያም የሚቆይ እብጠት፦ የምግብ እጥረት፣ የስኳር በሽታ ወይም ኤች አይ ቪ ሊሆን ይችላል። ባንድ ጎን በዝግታ የሚያድግ እባጭ ዕጢ ወይም ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ይመርመር።

በቤት ምን እናድርግ? ውኃ ደጋግመን እንስጥ፤ ምግቡ ለስላሳ ይሁን። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ለልጆች አስፕሪን አንስጥ። ሎሚ ጠጠር ላለበት ምራቅ በማፍሰስ ይረዳል፤ ጆሮ ደግፍ የያዘውን ግን ያሳምመዋል። እብጠቱን መብጣትም ሆነ በእሳት መተኮስ ፈጽሞ አይገባም።

አንገት ከደረቀ፣ ትውከት ከተደጋገመ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ፊት ከተጣመመ፣ ጆሮ መስማት ካቆመ ወይም የዘር ፍሬ ካበጠ፣ ሳንውል ሳናድር ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ሌላ ምልክት ባይኖርም ከ2 ሳምንት በላይ የቆየን እብጠት «ይለቀዋል» ብለን አንተወው።